አሮጌ የጦር ጠመንጃና የደከመ ዓይን፦ ስኮፕ ከመግጠም በፊት

አሮጌ የጦር ጠመንጃ ይዞ ዒላማ የሚተኩስ ሰው ዕድሜው 40ን ሲሻገር አንድ ነገር ያስተውላል። ጠመንጃው ያው ነው፤ እጁም አልደከመም፤ የፊቱ ማነጣጠሪያ ግን ደብዝዞ ይታየዋል። የቀድሞ ጠመንጃዎችን መሰብሰብና መተኮስ በሕግ በተፈቀደበትና በተለመደበት በአሜሪካ ብዙዎች ይህ ሲገጥማቸው ወዲያው ስኮፕ፣ ማለትም አጉሊ ማነጣጠሪያ፣ ለመግጠም ይነሣሉ። ስኮፕ በእርግጥ ይረዳል። ነገር ግን ለመግጠም ብዙ ጊዜ ብረቱ ስለሚበሳና የተበሳ ብረት ወደ ቀድሞው ስለማይመለስ፣ አስቀድሞ ዓይን ምን እንደሆነና ጠመንጃው ምን እንደሚፈቅድ ማወቅ ይገባል።

ዓይን ምን ይሆናል?

በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በወጣትነት ለስላሳ ነው። ጡንቻ ቅርጹን እየለወጠለት ከሩቅ ወደ ቅርብ፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ በቅጽበት ያስተካክላል። ዕድሜ ሲገፋ ሌንሱ ይጠነክራል፤ ቅርብ ያለውን አጥርቶ ማየትም ያዳግታል። ጋዜጣ ከፊት አርቆ መያዝ የሚጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

የጀርመኑን ሞዘር 98ኬ እንውሰድ። የኋላ ማነጣጠሪያው ቪ ቅርጽ ያለው ጠባብ ስንጥቅ ነው፤ የፊቱ ደግሞ ጫፉ የሾለ ቀጭን ብረት ሲሆን ከተኳሹ ዓይን አንድ ሜትር ያህል ይርቃል። ዒላማው 100 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቆ ይቆማል። ዓይን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው። ወጣት ዓይን በሦስቱ መካከል በፍጥነት ስለሚመላለስ ችግሩ አይታወቀውም፤ የጠነከረ ሌንስ ግን መመላለሱን አይችልም።

ስኮፕ ይህን ችግር ከሥሩ ይፈታል። በውስጡ የመስቀሉ ምልክትና የዒላማው ምስል በአንድ ርቀት ላይ እንዳሉ ሆነው ስለሚታዩ ዓይን መመላለስ አያስፈልገውም። ዋናው ጥቅሙ ይህ እንጂ ማጉላቱ አይደለም። ስለዚህ ሁለት እጥፍ ብቻ በሚያጎላ ትንሽ ስኮፕ እንኳ ለውጡ ግልጽ ነው።

መጀመሪያ የዓይን መነጽር

ጠመንጃውን ከመንካት በፊት የዓይን ሐኪም ማየት ይቀድማል። ብዥታው ከዓይን ሞራ የመጣ ከሆነ የትኛውም ስኮፕ አያድነውም፤ ሕክምናው ግን ያድነዋል። ችግሩ የዕድሜ ብቻ ከሆነ፣ ለሩቅ ዕይታ በታዘዘው መነጽር ላይ ከ0.50 እስከ 0.75 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ማስጨመር ብዙ ጊዜ የፊቱን ማነጣጠሪያ ያጠራል፤ ዒላማውም በመጠኑ ብቻ ይደበዝዛል። ሐኪሙ ትክክለኛውን ልክ እንዲያዝ ከዓይን እስከ ፊት ማነጣጠሪያ ያለውን ርቀት ለክቶ መንገር ይበቃል።

ሁለተኛው አማራጭ የኋላውን ስንጥቅ በትንሽ ክብ ቀዳዳ መተካት ነው። ጠባብ ቀዳዳ የሚያስገባው ቀጭን የብርሃን ጨረር ብቻ ስለሆነ ቅርቡም ሩቁም ይጠራል። አሜሪካኖቹ ኤም 1 ጋራንድና ኤም 1 ካርባይን ከፋብሪካ ሲወጡ ይህ ዓይነት ማነጣጠሪያ ነበራቸው። እንግዲህ የእነዚህ ባለቤቶች ከሌሎቹ ይልቅ ስኮፕ ሳይፈልጉ ረጅም ጊዜ መቆየት ይችላሉ።

ጠመንጃው ለምን ይቸግራል?

እነዚህ ጠመንጃዎች የተሠሩት ስኮፕ ታስቦላቸው አይደለም። ሞዘርም ሆነ የሩሲያው ሞሲን ናጋንት አምስት ጥይት በአንድ ማሰሪያ ተይዞ ከላይ ይጎርሳሉ፤ ጋራንድ ደግሞ ስምንት ጥይት ከነማሰሪያው ይቀበላል። ስኮፕ እዚያው ላይ ከተቀመጠ የማጉረሻውን መንገድ ይዘጋል። የሞዘር ማቀባበያ እጀታ ወደ ላይ ሲነሣ ዝቅ ብሎ የተገጠመን ስኮፕ ይመታል፤ ከኋላ ያለው የደኅንነት ቁልፍም ሲዞር ከስኮፑ ጋር ይጋጫል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የነበሩ ሠሪዎች ከዚሁ ችግር ጋር ታግለዋል። ጀርመኖች 1.5 እጥፍ የሚያጎላውን ዜድ ኤፍ 41 ከዓይን አርቀው ከኋላ ማነጣጠሪያው ጎን ገጠሙት። ሩሲያውያን 3.5 እጥፍ የሚያጎላውን ፒ ዩ ከሞሲኑ ጎን አስረው የማቀባበያውን እጀታ ወደ ታች አጠፉት። አሜሪካኖች ደግሞ በጋራንድ ላይ ስኮፑን ወደ ግራ ጎን ገጠሙት።

የትኛው መንገድ ይሻላል?

ለባለቤቱ ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የኋላ ማነጣጠሪያውን ቅጠል አውልቆ በቦታው የስኮፕ መያዣ ማስገባት ነው። ምንም አይበሳም፤ ማጉረሻውም ክፍት ይሆናል። ለዚህ የሚሆነው ግን ከዓይን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ እንዲታይ የተሠራ ስኮፕ ብቻ ነው። የተለመደው ዓይነት የሚያገለግለው ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ባለው ርቀት ነው። ሁለተኛው የጎን መያዣ ነው፤ ብዙዎቹ መበሳት ይጠይቃሉ። ሦስተኛው አናቱን በስቶ የተለመደውን ስኮፕ መግጠም ነው። ይህ ጠንካራና ምቹ ነው፤ የጠመንጃውን ታሪካዊ ዋጋ ግን ክፉኛ ይጎዳል።

ጉዳቱ ለእኛ የበለጠ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢትዮጵያ መንግሥት ከቤልጂየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ ሞዘሮችን ገዝቷል። ባለፉት ዓመታትም ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤት የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። በሞዘር ላይ የመንግሥት ምልክት የሚቀረጸው የጥይት ማቃጠያውን በሚሸፍነው ብረት አናት ላይ ነው፤ የስኮፕ ብሎን የሚበሳውም እዚያው ላይ ነው። መሰርሰሪያው የሚፍቀው የአገር ታሪክ ነው። ቀድሞ በሌላ ሰው የተበሳ ጠመንጃ ካለ ለስኮፕ የሚመረጠው እሱ ነው።

ከተገጠመ በኋላ

ስኮፕ ከጥንቱ ማነጣጠሪያ ከፍ ስለሚል ጉንጭ ከሰደፉ ይርቃል። ሳይበሳ የሚታሰር የቆዳ ጉንጭ ማስደገፊያ ይህን ያስተካክላል። ዓይን ወደ ስኮፑ ከሚገባው በላይ ከተጠጋ ጠመንጃው ሲራገጥ ቅንድብ ይቆስላል። ማስተካከያ ተኩሱ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳ መጀመሪያ በ25፣ ቀጥሎ በ100 ሜትር ይደረግ፤ ብሎኖቹም ከጥቂት ጥይት በኋላ ይፈተሹ። ሕጉንም አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው፦ በአሜሪካ እንደየግዛቱ ይለያያል፤ በኢትዮጵያ ደግሞ የጦር መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛና ፈቃድ የሚጠይቅ ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሐኪም፣ የዓይን መነጽር፣ ክብ ቀዳዳ፣ ከዚያ ሳይበሳ የሚገጠም ስኮፕ። የወለቀው ቅጠል፣ ስፕሪንግና ብሎን በአንድ ከረጢት ተደርጎ የጠመንጃው ዓይነትና መለያ ቁጥር ይጻፍበት። ነገ ጠመንጃውን የሚረከበው ልጅ ዓይኑ ገና ወጣት ነው፤ እንደ ጥንቱ አድርጎ መመለስ ከፈለገ የሚያስፈልገው ሁሉ በእጁ ይኖራል።