የቤተሰብ ዕዳ፦ ከመፈረም በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

ብድር በራሱ ጎጂ አይደለም። የወተት ላም ለመግዛት፣ የልብስ ስፌት መኪና ለማስገባት ወይም የቤት ቅድሚያ ክፍያ ለማሟላት ታስቦበት የተወሰደ ብድር የቤተሰብን ኑሮ ሊያሻሽል ይችላል። ስጋቱ የሚጀምረው ብድሩ ገቢ በማያስገኝ ወጪ ላይ ሲውልና አንዱ ዕዳ በሌላ ዕዳ መከፈል ሲጀምር ነው። ይህ ጽሑፍ ዕዳ በቤተሰብ ላይ እንዴት እንደሚከማች፣ ሕጉ ለተበዳሪና ለዋስ ምን ጥበቃ እንደሚያደርግና ከመበደር በፊት ምን ማመዛዘን እንደሚገባ ያብራራል።

ዕዳ እንዴት ይከማቻል?

አንድ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ለብዙ ወገኖች ባለዕዳ ሊሆን ይችላል። ባል ከመሥሪያ ቤቱ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ተበድሮ፣ ሚስት ለንግዷ ከማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ወስዳ፣ በሰፈር ሱቅ ደግሞ የዱቤ ሒሳብ ተከፍቶ ይገኛል። እያንዳንዱ ዕዳ ለብቻው ሲታይ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም በአንድነት የሚደምር የቤተሰብ አባል ብዙ ጊዜ አይኖርም። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲደርስ፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር ወይም ድንገተኛ ሕመም ሲያጋጥም ያለው ክፍተት በአዲስ ብድር ይሸፈናል።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር የብድር አገልግሎት መሰጠቱ፣ ሌሎች የዲጂታል ብድር አማራጮችም መስፋፋታቸው፣ ያለ ንብረት መያዣ ገንዘብ ማግኘት ለማይችለው የኅብረተሰብ ክፍል በር ከፍቷል። ይሁንና በደቂቃዎች ውስጥ የሚገኝ ብድር ለማሰብም ጊዜ አይሰጥም። ለምሳሌ ለ1,000 ብር የአንድ ወር ብድር 50 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቢጠየቅ ክፍያው ቀላል ይመስላል። ተበዳሪው በየወሩ እየመለሰ ዳግም የሚበደር ከሆነ ግን በዓመቱ 600 ብር ይከፍላል፤ በእጁ ያለው ያው የተበደረው 1,000 ብር ብቻ ነው።

አራጣና ሕጉ

ከሁሉም የከፋው የአራጣ ብድር ነው። 10,000 ብር በወር 10 በመቶ የተበደረ ሰው በየወሩ 1,000 ብር፣ በዓመት 12,000 ብር ወለድ ከፍሎ ዋናው ዕዳ ሳይነካ ይቀራል። ወለዱ ሳይከፈል በዋናው ላይ እየተደመረ ከሄደ ደግሞ ዕዳው በዓመቱ ከ31,000 ብር ይበልጣል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በዚህ ስሌት የ10,000 ብር ብድር የዓመት ወለድ ቢበዛ 1,200 ብር ነው። ባንኮችና የማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት ግን የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕጎችና በብሔራዊ ባንክ መመሪያዎች ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 712 አራጣን በወንጀል ያስቀጣል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በክርክር ጊዜ በመርሕ ደረጃ በጽሑፍ ማስረጃ የሚረጋገጥ በመሆኑ፣ ከዘመድ ጋር የሚደረግ ብድርም ቢሆን በጽሑፍ መስፈሩ ሁለቱንም ወገኖች ይጠብቃል። ያልተቀበሉትን ገንዘብ እንደተቀበሉ አድርጎ መፈረም፣ ወይም መጠኑ ባልተሞላበት ቼክና ሰነድ ላይ ፊርማ ማኖር ከፍተኛ አደጋ አለው።

ዋስትናና መያዣ

በአገራችን ዋስ መሆን የወዳጅነት መግለጫ ተደርጎ ይታያል። በሕግ ዓይን ግን ዋስ ማለት ተበዳሪው ባይከፍል የሚከፍል ሰው ነው። ዋስትናው በአንድነትና በነጠላ የተገባ ከሆነ አበዳሪው አስቀድሞ ተበዳሪውን ሳይከስ በቀጥታ ዋሱን ሊጠይቅ ይችላል። ዋስ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው የማይጸና በመሆኑ፣ ይህ መጠን በግልጽ መጻፉን ሳያረጋግጡ መፈረም አይገባም።

መኖሪያ ቤትን በመያዣነት ማስያዝም የቤተሰቡን ሁሉ ስምምነት የሚጠይቅ ውሳኔ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳው በወቅቱ ካልተከፈለው፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሳያስፈልገው መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ከመበደር በፊት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ ከሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው ድምር ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይገድባል። ገደቡ ግን የሱቅ ዱቤን፣ የስልክ ብድርንና ለግለሰብ የሚከፈለውን ዕዳ አይጨምርም። እነዚህ የሚከፈሉት ለቀለብና ለኪራይ ከሚቀረው ገንዘብ ነው። በመሆኑም ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ የወር ገቢያቸውን፣ ግዴታ የሆኑ ወጪዎቻቸውንና ያለባቸውን ዕዳ ሁሉ ሊያሰፍሩ ይገባል። ገቢያቸው 9,000 ብር፣ ወጪያቸው 7,500 ብር ከሆነ የሚቀረው 1,500 ብር ነው። የአዲሱ ብድር ወርኃዊ ክፍያ ከዚህ ገንዘብ ለክፉ ቀን የሚሆን ማስተረፍ ካልቻለ ብድሩ አቅምን ያላገናዘበ ነው።

ለሠርግ፣ ለተዝካርና ለበዓል ድግስ የሚወሰድ ብድር ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። አባቶች «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ማለታቸው በከንቱ አይደለም፤ ድግሱ በአንድ ቀን ሲያልፍ ክፍያው ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ዕቁብ ወለድ የማይከፈልበት አማራጭ ቢሆንም፣ ዕጣው ቀድሞ የደረሰው ሰው የቀረውን ጊዜ በሙሉ የመክፈል ግዴታ እንዳለበት ሊዘነጋ አይገባም።

ክፍያ ሲያስቸግር

መክፈል ያቃተው ተበዳሪ የሚፈጽመው የተለመደ ስሕተት ከአበዳሪው መሸሽ ነው። መሸሽ ቅጣቱን ያሳድጋል፤ ወደፊት ከሌሎች አበዳሪዎች የመበደር ዕድልንም ያጠብባል። የመክፈያ ቀኑ ከማለፉ በፊት አበዳሪውን ቀርቦ በማነጋገር የክፍያ ጊዜው እንዲራዘም ወይም የክፍያው መጠን እንዲስተካከል በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። ዋስ ካለም ችግሩን ከአበዳሪው ሳይሆን ከተበዳሪው አፍ ሊሰማ ይገባል። ብዙ ዕዳ ያለበት ቤተሰብ ከፍተኛ ወለድ ያለውን አስቀድሞ ቢከፍል ሸክሙ ቶሎ ይቀልለታል።

ዕዳ ተደብቆ ሲኖር ከገንዘብ አልፎ የትዳርንና የጉርብትናን መተማመን ይጎዳል። ስለሆነም ማንኛውም የቤተሰብ ኃላፊ ከመፈረሙ በፊት ውሉን እንዲያነብ፣ ያልገባውን እንዲጠይቅና ከቤተሰቡ ጋር እንዲመክር እናሳስባለን።