ቤቱን የለወጠው መሬቱ ነው

በወላይታ፣ በቦዲቲ ከተማ ዙሪያ ባሉ የዳሞት ጋሌ ወረዳ ቀበሌዎች አራት ማዕዘን የቆርቆሮ ቤትና ክብ ሳር ቤት በአንድ ግቢ ቆመው ማየት የተለመደ ነው። ብዙ ሰው ይህን የኑሮ መሻሻል ብቻ አድርጎ ያየዋል፤ ገንዘብ ያገኘ ቆርቆሮ ያለብሳል፣ ያላገኘ በሳር ይቆያል። እኔ ግን የወላይታን ቤት ከገንዘብ ይልቅ የለወጠው የመሬቱ መጣበብ ነው ባይ ነኝ። ይህን ለመረዳት በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ አንድ ቤተሰብ ይኖርበት የነበረውን ቤት ከነአሠራሩ ማወቅ ያሻል።

ያ ቤት፣ በወላይትኛ ኬታ፣ መሃሉ ላይ ረጅም ምሰሶ ይቆምለታል። ዙሪያው በእንጨትና በተሰነጠቀ ቀርከሃ ይማገራል፤ ከጫፉ የሚነሣው የሳር ክዳን ወደ መሬት ተጠግቶ ስለሚወርድ ከሩቅ ሲያዩት ትልቅ ቀፎ ይመስላል። ውስጡ በግርዶሽ ተከፍሎ በአንዱ ወገን ከብት ይታሰራል፣ በሌላው ሰው ይተኛል። ከብቱ የደጋውን ሌሊት ያሞቃል፤ ጠዋት የሚጠረገው እበት ደግሞ ቤቱን ተጠግቶ ወደተተከለው እንሰት ይሄዳል። የምድጃው ጭስ በሳሩ ውስጥ ሰርጎ ሲወጣ ክዳኑንና እንጨቱን እያደረቀ ነፍሳትን ያርቃል። ከደጃፉ ፊት ያለው የሳር መስክ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ለቅሶና ሠርግ የሚውልበት ነው። በአጭሩ ቤቱ የእርሻው አንድ ክፍል ነበር፤ ሳሩ ከግጦሹ፣ ቀርከሃው ከጓሮው ይመጣል፣ እበቱም ወደ እንሰቱ ይመለሳል።

በ1887 ዓ.ም. የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና በምኒልክ ጦር ተሸንፈው ወላይታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ስትውል ሌላ ዓይነት የቤት አሠራርም አብሮ መጣ። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቆርቆሮ ወደ አገር ውስጥ ማስገባቱ ቀለለ። ይሁን እንጂ የገበሬው ቤት በዚያ ዘመን አልተለወጠም፤ ዕቃው መገኘቱ ብቻውን በቂ አልነበረም። የወላይታ ደጋ በአገሪቱ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው ገጠሮች አንዱ ነው። መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ግጦሹ ታረሰ፣ ከብቱ አነሰ፣ ረጅሙ የክዳን ሳር ጠፋ። ቶሎ የሚደርሰው ባህር ዛፍ ደግሞ ቀጥ ያለ እንጨት ነው፤ እንደ ቀርከሃ ስለማይተጣጠፍ ክቡን ትቶ ለአራት ማዕዘኑ ይመቻል።

ሰዉ ቆርቆሮን የሚመርጠው ወዶ ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሳር በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፣ አንድ ፍንጣሪ እሳትም ሙሉውን ቤት ይወስደዋል። ጭሱም ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል፣ ከብትና ሰው በአንድ ጣራ ሥር ማደራቸውም ለጤና አይበጅም። ወደዚያ ኑሮ እንመለስ አልልም። ነገር ግን ፍላጎት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቆርቆሮውን የሠራ ሰው አሮጌውን ሳር ቤት ባፈረሰው ነበር። ብዙው ግን አላፈረሰውም፤ ለማብሰያና ለከብት ማደሪያ አስቀርቶታል። ቆርቆሮው ቀን ያግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ ዝናብ ሲመታው ሰው አያነጋግርም፤ የእበቱን ሥራም አይተካም።

ስለዚህ የወላይታን ቤት ለእንግዳ ማሳያ ብቻ አድርጎ ማቆም ቅርሱን ማዳን አይደለም። ምሰሶውን የሚመርጡ፣ ቀርከሃውን የሚያጎብጡ፣ ክዳኑን የሚደረድሩ አዛውንቶች በሕይወት እያሉ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች የቆሙትን ቤቶች ይለኩ፣ ይሳሉ፣ አሠራሩን ከባለሙያዎቹ አፍ ይመዝግቡ።