ያደረ ምግብ፦ በአፍንጫ ሳይሆን በሰዓት

በዚህ እትም የጤና ትምህርት ገጻችን የምንነጋገረው ከምሳ ተርፎ ለማታ፣ ከማታ ተርፎ ለነገ ስለሚቀመጥ ምግብ ነው። ጉዳዩ ተራ ይመስላል። ነገር ግን እንደ ካኩማ ባለ ቦታ፣ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበትና አብዛኛው ቤት ፍሪጅ በሌለበት፣ አንድ ድስት ወጥ ቤተሰቡን በሙሉ በተቅማጥና በትውከት ሊጥል ይችላል። በተለይ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና ለታመመ ሰው አደጋው የከፋ ነው።

ምግብ መድፋት ለማንም ቀላል አይደለም። ራሽኑ ትንሽ ነው፤ እንጨትና ከሰሉም ገንዘብ ነው። ብዙዎቻችን በቀን አንዴ ብቻ የምናበስለው ለዚሁ ነው። ስለዚህ «ድፉት» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም። ምግቡ ለምን እንደሚበላሽ፣ መጀመሪያውኑ እንዳይተርፍስ ምን ማድረግ እንደምንችል ማወቅ አለብን።

ጀርሞች የሚወዱት ሙቀት

በምግብ ላይ በሽታ የሚያመጡ ጀርሞች በአብዛኛው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ይራባሉ። ከ5 በታች መራባታቸው በጣም ይቀንሳል፤ ከ60 በላይ ሲሆን ደግሞ ይቆማል። እንግዲህ ልብ በሉ፦ የቤታችን ሙቀት ቀንም ሌሊትም በነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። ድስቱን ጥላ ውስጥ ማኖርም ሆነ መክደን ይህን አይለውጠውም። ክዳን ዝንብና አቧራ ይከላከላል እንጂ አያቀዘቅዝም።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ሙቀቱ ከተመቸው አንድ ጀርም በ20 ደቂቃ ገደማ ሁለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሌት በ1 ሰዓት 8፣ በ2 ሰዓት 64 ይሆናል። ከቀኑ 6 ሰዓት የወጣ ወጥ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ከተቀመጠ 7 ሰዓት ቆየ ማለት ነው፤ ያ አንድ ጀርም ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ እንዳይቆይ ይመክራል። የአሜሪካ የምግብ ደኅንነት መመሪያ ደግሞ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ጊዜውን ወደ 1 ሰዓት ያወርደዋል። እንግዲህ ቀን ላይ ለኛ የሚሠራው ይሄኛው ነው፦ 1 ሰዓት።

«ብናፈላውስ?»

ይህ ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። ማፍላት አብዛኛውን ጀርም ይገድላል። ነገር ግን አንዳንዱ ጀርም ሲራባ መርዝ ይተዋል፤ ያ መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ለምሳሌ በሩዝ ላይ የሚገኘው ባሲለስ ሴሪየስ እንደ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ቅቅሉን አልፎ ይተርፋል፤ ሩዙ ለብ ሲል ነቅቶ መራባት ይጀምራል። ከእጅና ከቁስል የሚመጣው ስታፊሎኮከስም መርዙ ሙቀት አይበግረውም። ሁለቱም የምግቡን ሽታም ሆነ ጣዕም ላይለውጡ ይችላሉ። «አሽትቼው ደህና ነው» ማለት እንግዲህ ማስረጃ አይሆንም። የሚታመነው ሰዓት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. ላለው ሰው ልክ እናብስል። ምስር በጥሬው ወራት ይቆያል፤ ከተቀቀለ በኋላ ግን በሰዓት ይቆጠራል። የሚጠራጠሩትን እፍኝ ጥሬውን ያስቀሩት።

2ኛ. በቀን አንዴ የምናበስል ከሆነ ወጡን ሁሉም ቤት በሚገኝበት ሰዓት እናድርሰው። ለሌላው ጊዜ እንጀራ፣ ቂጣ፣ ቆሎ ይሻላል። ደረቅ ነገር ለጀርም አይመችም። ባቄላና አተር ቀድሞ መዘፍዘፍ ማገዶ ይቆጥባል።

3ኛ. የተረፈ እንጀራ ሻጋታ ሳይዘው ፀሐይ ላይ በደንብ ደርቆ ድርቆሽ ይሁን፤ እናቶቻችን ያወረሱን ብልሃት ነው። በወጥ የራሰ ፍትፍት ግን እንደ ወጡ ነው፤ አይደር።

4ኛ. ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው የምናቆየው ምግብ ትኩስ እንደሆነ ይቆይ፤ እንፋሎቱ ሳይቋረጥ በትንሽ ፍም ላይ ማኖር ነው። የምግብ ቴርሞስ ያለው ቀድሞ የፈላ ውኃ ጨምሮበት ያሙቀው፤ ውኃውን ደፍቶ የሚንተከተከውን ወጥ ይጨምር።

5ኛ. በጊዜው የተቀመጠ ምግብ ሲሞቅ ለብ ማለቱ አይበቃም። መሐሉ ቢያንስ 70 ዲግሪ እንዲደርስ እያማሰልን እስኪንተከተክ እናፍላው። ደግሞ ማሞቅ አንዴ ብቻ ነው።

6ኛ. የሕፃን አጥሚትና ገንፎ በየጊዜው ትኩስ ይሠራ። ሕፃኑ ያስተረፈው ምራቅ ስለነካው ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም።

ፍሪጅ ላላችሁ፣ በተለይ ለምግብ ቤቶች

ትልቅ ድስት እንዳለ አታስገቡ፤ መሐሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ ከፋፍላችሁ ሰዓቱ ሳያልፍ አስገቡ። ፍሪጁ ከ5 ዲግሪ በታች ይሁን፤ ምግቡም ከ3 ቀን አይለፍ። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜው እስከ 4 ሰዓት ገደማ ይቆያል። በእርጥብ አሸዋ የሚሠራው ድርብ የሸክላ ማሰሮ ለቲማቲምና ለጎመን ጥሩ ነው፤ ወደ 5 ዲግሪ ስለማይወርድ ለወጥ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሰው ከታመመ፣ አንድ የኦአርኤስ ፓኬት በላዩ ላይ በተጻፈው መጠን፣ ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ስጡት። ከ24 ሰዓት በኋላ የቀረውን ድፉት። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ደም ከታየ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

ይህን ገጽ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።