ኮረብታ የቆረጠ ሰይፍና ባለ እጁ

በማታ እሳት ዙሪያ ተረት የሚጠይቁ ወንዶች ልጆች አብዝተው የሚወዱት የሰይፍን ታሪክ መሆኑን ወላጆች ሁሉ ያውቁታል። ስለዚህ ለዛሬ ከአየርላንድ አገር የተገኘ አንድ ታሪክ ለቤተ ሰቡ እናቀርባለን።

በ12ኛው መቶ ዓመት በብራና በተጻፈ የአየርላንድ መጽሐፍ እንደሚነገረው፥ ፈርጉስ የሚባል ጀግና ካላድቦልግ የተባለ ሰይፍ ነበረው። ሰይፉ በተሰነዘረ ጊዜ እንደ ቀስተ ደመና በሰማይ ይዘረጋ ነበር ይባላል። በጦርነት ላይ ፈርጉስ ጠላቱን ንጉሥ ኮንኮባርን ሊመታ ሰይፉን ቢያነሣ፥ የንጉሡ ልጅ ኮርማክ ይዞ ለመነው። ፈርጉስም ንጉሡን ማረ፤ ቍጣው ግን አልበረደለትምና ሦስት ኮረብቶችን መትቶ ራስ ራሳቸውን ቆረጠ። ኮረብቶቹም ራሰ በራዎቹ ተብለው ቀሩ።

በይፋት ቆላ ያደገ ልጅ ስለትን ለማየት ተረት እስኪነገረው አይጠብቅም። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን፥ በሰንበቴ እሑድ በሚቆመው ገበያ፥ አፋሩ፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አማራው ይገናኛሉ። አፋሩ ከወገቡ ፊት ለፊት የሚታጠቀው ጊሌ በሁለት ወገን የተሳለ፥ ጎበጥ ያለ፥ በቆዳ አፎት የሚቀመጥ ነው። ምንም እንኳ ጠመንጃ ከመጣ ወዲህ ለውጊያ የሚፈለግበት ጊዜ ቢያንስ፥ ለባለቤቱ የወንድነት ክብር ነው፤ ሥጋም ይቈረጥበታል።

ልጁ ጊሌውን አይቶ ማን እንደ ታጠቀው ይጠይቃል፤ ማን እንደ ሠራው ግን አይጠይቅም። ባለ እጁ በወናፍ ከሰሉን አንድዶ፥ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ ይቀጠቅጣል። ስለቱን በጊዜው በውሃ ካላጠለቀው ይታጠፍበታል፤ ከመጠን በላይ ካጠነከረው ደግሞ ይሰበርበታል። ይህን የሚለየው በብረቱ መልክና በዓይኑ ልምድ ብቻ ነው። ማረሻውም፥ ማጭዱም፥ የወጥ ቤቱም ቢላዋ ከእርሱ እጅ የወጣ ነው።

ይህን ሁሉ እየተቀበልን ሠሪውን ቡዳ ነው፥ ሌሊት ጅብ ይሆናል እያልን ኖርን፤ ልጃችንንም አንድርለት አልን። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ይህን ነውር አይተው፥ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን ጠይብ እያለ፥ ሌላውንም በሥራው እየጠራ የሚሰድብ ሰው እንዳይኖር በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት ቢያልፍም፥ ስድቡን እስከ ዛሬ ከእናቱ አፍ የሚማር ልጅ አለ። የተማረ ሰው ቤት እንኳ ከዚህ ንጹሕ ነው ለማለት አንደፍርም።

የአየርላንድ ሰዎች ግን በጥንት ተረታቸው ባለ እጁን ከአማልክት ጋር ቈጥረውታል፤ ስሙም ጎይብኒው ይባላል። በታላቁ ጦርነት ቀን የተሰበረውን መሣሪያ ለማግሥቱ አድሶ ያቀርብ ነበር፤ የጦር ጫፍም በሦስት ምት ብቻ ያወጣ ነበር። ጠላቶቹም የወገኖቹ መሣሪያ ስለ ምን እንደማያልቅ ቢመረምሩ ምክንያቱን አገኙት፤ ገዳይ ልከው ያስፈለጉትም ያንኑ ባለ እጅ ነበር።