የመንግሥት ፖሊሲና የፈጠራ ሥራ አቅጣጫ፤ የዴንማርክ የነፋስ ኃይል ልምድ

መግቢያ

የፈጠራ ሥራ በራሱ ጊዜ ወደ ኅብረተሰቡ ጥቅም ያመራል ብሎ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። አዲስ መሣሪያ ትርፍ ወደሚገኝበት ማዘንበሉ አይቀርም፤ የትርፍ ሒሳብ ግን የተበከለውን አየርና የተጎዳውን ነዋሪ አይቆጥርም። በመሆኑም ገበያው የማያነሣውን ጥያቄ ማንሣት የመንግሥት ተግባር ይሆናል። ይሁን እንጂ ገንዘብ መመደብ ብቻውን ፖሊሲ አይባልም። ገንዘቡ የሚለቀቅበት ደንብ ከገንዘቡ መጠን ያላነሰ ክብደት አለው። የዴንማርክ የነፋስ ኃይል ታሪክ ይህን በግልጽ ያስረዳል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. በትምህርት ቤት የተጣለው መሠረት

ፖል ላ ኩር የተባለው መምህር በ1891 በአስኮቭ ሕዝባዊ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የሙከራ የነፋስ ወፍጮ አቆመ፤ ለገጠር ወጣቶችም የኤሌክትሪክ ሙያ ማስተማር ጀመረ። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ዮሐንስ ዩል በ1957 በጌድሰር ባለሦስት ክንፍና 200 ኪሎዋት የሚያመነጭ ተርባይን ሠራ። ተርባይኑ ለአሥር ዓመታት ያህል በደኅና ሲሠራ ቆይቶ በ1967 ቆመ። ነዳጅ ርካሽ በነበረበት በዚያ ወቅት ዕውቀቱ ቢኖርም ፈላጊ አልነበረውም።

ለ. ድጎማና ቁጥጥር

በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲያሻቅብ ዴንማርክ ከሚያስፈልጋት ኃይል 90 በመቶ ገደማውን የምታገኘው ከውጭ ከሚመጣ ነዳጅ ነበር። መንግሥት በ1978 በሪሶ የምርምር ጣቢያ የአነስተኛ ተርባይኖች መፈተሻ ማዕከል አቋቋመ። በ1979 ደግሞ ተርባይን ለሚገዙ ሰዎች የዋጋውን 30 በመቶ መደጎም ጀመረ። ድጎማው የሚሰጠው ግን ማዕከሉ ፈትሾ ላጸደቀው ተርባይን ብቻ ነበር።

የዚህ ደንብ ውጤት ከፍተኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሠሪዎች የእርሻ መሣሪያና የነዳጅ ማጓጓዣ ታንከር ይሠሩ የነበሩ ድርጅቶች ነበሩ። ማዕከሉ ተርባይኑ በማዕበል ጊዜ ከቁጥጥር ውጭ እንዳይሽከረከር አስተማማኝ ፍሬን እንዲኖረው በማስገደዱ ሠሪዎቹ ከተመራማሪዎቹ ጋር መመካከር ግዴታቸው ሆነ። በዚህ ሁኔታ የአንዱ ስሕተት ለሌላው ትምህርት ሆነ። ድጎማውም ቴክኖሎጂው እየጠነከረ በሄደ መጠን ተቀንሶ በ1989 ቆመ።

በዚያው ዘመን ጀርመን የተከተለችው መንገድ የተለየ ነበር። በመንግሥት ገንዘብ የተሠራውና የክንፎቹ ዙር 100 ሜትር ስፋት የነበረው ግሮቪያን የተባለው የ3 ሜጋዋት ተርባይን በ1983 ሥራ ጀምሮ በ1987 ተዘጋ፤ በጠቅላላው የሠራው ጥቂት መቶ ሰዓት ብቻ ነው። ጉድለቱ የገንዘብ ወይም የባለሙያ እጥረት አልነበረም። ከትንሹ ተምሮ ወደ ትልቁ የሚያደርሰው መሰላል ስለተዘለለ ነበር።

ሐ. የባለቤትነት ጉዳይ

ቴክኖሎጂው አየርን ባይበክልም የሚተከለው በሰው ደጅ ነው። ድምፁን የሚሰማውና ገጽታው የሚለወጥበት የአካባቢው ነዋሪ ስለሆነ ከጥቅሙ ካልተካፈለ መቃወሙ አያስደንቅም። በ1980ዎቹ የዴንማርክ ደንብ የተርባይን አክሲዮን የሚገዙት በአቅራቢያው የሚኖሩ ሰዎች እንዲሆኑ ይወስን ስለነበር ብዙ ተርባይኖች የጎረቤታሞች የኅብረት ንብረት ሆኑ። በ2000 በኮፐንሀገን አጠገብ በባሕር ላይ የተተከሉት የሚዴልግሩንደን 20 ተርባይኖችም በግማሽ የተያዙት ከ8,000 በላይ አባላት ባሉት ማኅበር ነበር።

ይሁንና ደንቡ እየላላ፣ ተርባይኖቹም እየገዘፉ ሲሄዱ ባለቤትነቱ ወደ ትልልቅ ኩባንያዎች አዘነበለ፤ የነዋሪዎችም ተቃውሞ በረታ። ለዚህም ሲባል በ2008 የወጣው ሕግ አዲስ ተርባይን የሚተክል ሁሉ ቢያንስ 20 በመቶውን ድርሻ ለአካባቢው ሰዎች በሽያጭ እንዲያቀርብ አስገደደ። ይህ ድንጋጌ በ2020 በሌሎች የጥቅም መጋሪያ ዘዴዎች ተተክቷል። በ2019 ነፋስ የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ፍጆታ 47 በመቶ ያህል ሸፍኗል፤ ነገር ግን የማኅበራዊው ስምምነት ጥያቄ ከቴክኒኩ ጥያቄ ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ ተገኝቷል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ልምድ እንደሚታየው የዴንማርክ ፖሊሲ ውጤት ያገኘው አሸናፊውን መሣሪያ አስቀድሞ በመምረጡ አይደለም። ፈተናውን ግልጽ አድርጎ፣ ያለፈውን ደግፎ፣ ድጋፉንም በጊዜው በማቆሙ ነው። የተዳከመው ደግሞ ከነፋሱ ጋር የሚኖረውን ሰው ከባለቤትነት ባራቀ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዘላቂነትን የሚሻ የፈጠራ ፖሊሲ መሣሪያው ይሠራል ወይ ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ ለማን ይሠራል፣ ጉዳቱንስ ማን ይሸከማል ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ሁለተኛውን ጥያቄ ለነገ ማሳደር የመጀመሪያውን መልስ ጭምር ያበላሻል። የአስኮቭም ታሪክ የሚያስታውሰው ቁም ነገር አለ፤ ችግሩ በደረሰ ጊዜ ዕውቀት በእጅ የተገኘው ከሰማንያ ዓመታት በፊት አንድ ትምህርት ቤት የገጠር ልጆችን ስላስተማረ ነው።