«ሲግኒፊካንት»፦ የአንድ እንግሊዝኛ ቃል ልዩ ልዩ ፍቺና በጥናት ጽሑፎቻችን ያለው አጠቃቀም

በአማርኛ በሚጻፉ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች፣ በተለይም በውጤት ትንተና ምዕራፍ፣ «በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት ታይቷል» ወይም «ጉልህ ልዩነት አልታየም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይዘወተራል። እዚህ ላይ «ጉልህ» የቆመው ሲግኒፊካንት የተሰኘውን የእንግሊዝኛ ቃል ተክቶ ነው። ይሁንና የእንግሊዝኛው ቃል ከአንድ በላይ ፍቺ ያለው ሲሆን፣ አማርኛው የወረሰው በስታቲስቲክስ የማይፈለገውን ፍቺ ነው።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ የተዋቀረውም «ምልክት» እና «ማድረግ» ከሚሉ ሁለት ቃላት ነው። ስለሆነም ጥንተ ፍቺው «አመልካች፣ ከራሱ ሌላ ነገር የሚጠቁም» የሚል ነው። ይህ ፍቺ ዛሬም አልጠፋም። በአንድ እንግሊዝኛ ልቦለድ ውስጥ አንዲት ሴት ባሏን «በሲግኒፊካንት አስተያየት» አየችው ቢባል፣ አስተያየቷ መልእክት ያዘለ ነበር ማለት ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ቃሉ ወደ «ከፍተኛ» እና «አስፈላጊ» አዘንብሏል፤ ሲግኒፊካንት የደመወዝ ጭማሪ የሚባለው ኪስ የሚሞላው ነው። «ሲግኒፊካንት አዘር» ሲባል ደግሞ የትዳር ወይም የፍቅር አጋር ማለት ነው።

በልኬት ሳይንስ ጥንተ ፍቺው ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። 0.0025 በሚለው ቁጥር ውስጥ ሲግኒፊካንት የሚባሉት አኃዞች 2 እና 5 ብቻ ናቸው፤ ከፊታቸው ያሉት ዜሮዎች ቦታ ከማሳየት በቀር ስለ ልኬቱ ትክክለኛነት የሚነግሩን ነገር የለም። ቁጥሩ 0.00250 ተብሎ ቢጻፍ ግን የመጨረሻዋ ዜሮ ሦስተኛ አኃዝ ሆና ትቆጠራለች። እዚህ ላይ ጥያቄው የአኃዙ ትልቅነት ሳይሆን መረጃ መያዝ አለመያዙ ነው።

በስታቲስቲክስ ቃሉን በዚህ መንፈስ ቀድመው ከተጠቀሙበት ሰዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1885 የጻፈው ፍራንሲስ ኤጅዎርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የታተመው የሮናልድ ፊሸር የተመራማሪዎች መማሪያ መጽሐፍ ደግሞ ቃሉንም 0.05 የተባለችውን ድንበርም በሰፊው አስተዋወቀ። ፊሸር ድንበሯን የመረጣት ለአሠራር አመቺ በመሆኗ ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን የተፈጥሮ ሕግ እስክትመስል ድረስ ትከበራለች። ፒ-ዋጋ የሚለካው፣ በእርግጥ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ የተገኘውን ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት በናሙና ላይ የመታየቱን ዕድል ነው። ስለ ልዩነቱ ስፋት ለብቻው የሚናገረው ነገር የለም።

ለማሳያ ያህል ሁለት የማስተማሪያ ዘዴዎች ተነጻጸሩ እንበል፤ ፈተናው ከመቶ የሚታረም፣ መደበኛ ልይይቱም 10 ይሁን። በየቡድኑ 1000 ተማሪዎች ኖረው የአማካይ ልዩነቱ 1 ነጥብ ቢሆን፣ ፒ-ዋጋው 0.025 ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ «ጉልህ» ይባላል። በየቡድኑ 20 ተማሪዎች ብቻ ኖረው ልዩነቱ 5 ነጥብ ቢሆን ግን ፒ-ዋጋው 0.12 ገደማ ስለሚሆን «ጉልህ አይደለም» ይባላል። የአማርኛው አንባቢ ከዚህ ምን ይረዳል? «ጉልህ» በቋንቋችን ጎላ ብሎ የሚታይ፣ ዓይን የሚሞላ ማለት ነው። አንድ ነጥብ ጎልታ አምስት ነጥብ የተሰወረች ይመስለዋል። የትምህርት ቢሮ ባለሙያም ጥናቱን አንብቦ ዋጋ የማያወጣውን ዘዴ ሊቀበል፣ ተስፋ ሰጪውን ሊጥል ይችላል።

የከፋው ስሕተት በአሉታው ላይ ይታያል። «ጉልህ ልዩነት አልታየም» የሚለው በማጠቃለያው ምዕራፍ «ልዩነት የለም» ሆኖ ይመጣል። በእንግሊዝኛው እንኳ ጥንቁቅ ጸሐፊዎች «ኢንሲግኒፊካንት» የሚለውን፣ «ኢምንት» ማለት ስለሆነ፣ ለዚህ አይጠቀሙበትም፤ «ነንሲግኒፊካንት» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር ፒ-ዋጋ የውጤትን ስፋትም ሆነ አስፈላጊነት እንደማይለካ በይፋ ገልጿል። በ2019 ደግሞ ከ800 በላይ ተመራማሪዎች ስማቸውን ያኖሩበት፣ በኔቸር መጽሔት የወጣ ጽሑፍ፣ ውጤትን «ሲግኒፊካንት ነው» እና «አይደለም» እያሉ ለሁለት መክፈሉ እንዲቀር ጠይቋል።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበል? «አመልካች» ለጥንተ ፍቺው የቀረበ ነው፤ ነገር ግን በየቢሮው ማመልከቻ ይዞ የሚሰለፈውንም ሰው ስለሚጠራ ለዚህ አይመችም። «ጉልህ» ሥር ስለሰደደ ነቅሎ ማውጣቱ የሚሳካ አይመስለኝም። በእኔ እምነት የሚሻለው «በስታቲስቲክስ መመዘኛ» የሚል ገላጭ ሳይለዩት መጻፍና የልዩነቱን መጠን ከነወሰኑ ማቅረብ ነው። ከላይ ያለው ሁለተኛው ምሳሌ በዚህ መንገድ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «የአማካይ ልዩነቱ 5 ነጥብ ነው፤ የ95 በመቶ የመተማመኛ ወሰኑም ከ1.4 ነጥብ ቅናሽ እስከ 11.4 ነጥብ ብልጫ ይደርሳል። ናሙናው አነስተኛ በመሆኑ ዘዴው ይጠቅማል ወይም አይጠቅምም ለማለት አያስችልም።»