ያውቁ ኖሯል? ፎር ዊል እና ደረቅ አስፋልት

እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ባሉ ብዙ ማንዋል ፒክአፖች ፎር ዊል (ኤች 4) ሲገባ የፊትና የኋላ ዘንጎች አንድ ላይ ተቆልፈው በእኩል ፍጥነት ይዞራሉ። መኪናው ሲታጠፍ ግን የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይጓዛሉ። ጭቃ ወይም ልል ጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ልዩነቱ ይካካሳል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይበላል፣ ካምቢዮውና ዘንጎቹ ይጨነቃሉ። አስፋልት ሲደርሱ ወደ ሁለት ጎማ (ኤች 2) ይመልሱት!

ዝቅተኛው ፎር ዊል (ኤል 4) ደግሞ ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት ይጨምራል። ለማስገባት መኪናውን አቁመው ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ይርገጡ። ብዙ ሹፌር የሚዘነጋው ትልቁ ጥቅሙ ቁልቁለት ላይ ነው፤ በአንደኛ ማርሽ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። በዚያ ሰዓት እግርዎ ከፍሪሲዮን ይራቅ፤ ከረገጡት የሞተሩ ጉልበት ይቋረጥና መኪናውን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ይሆናል።